ልብ አይጾምም

ሲመጡ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር። የክረምት ተማሪዎቼ ወረቀት ነው። ጥያቄው ደግሞ ማስተማር ከጀመርኩ ጀምሮ ቃላቱን እየቀያየርኩ የምጠይቀው ነው፦ የልብ ጡንቻ ኃይሉን በዋናነት የሚያገኘው ከምንድን ነው? ግማሾቹ «ከስኳር» ብለዋል። በየዓመቱ ግማሾቹ እንደዚያ ይላሉ፣ እኔም በየዓመቱ እናደዳለሁ። ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ለአንዱ ዜሮ ልሰጥ ስል በሩ ተንኳኳ።

ሦስት ነበሩ። አልጮሁም፣ አልገፈተሩኝም። ትልቁ መታወቂያዬን ተቀብሎ የአባቴን ስም ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ «ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ፤ አምስት ደቂቃ ነው» አለኝ። ለአምስት ደቂቃ ሰው ምን ይዞ ይወጣል? ሹራብ ደረብኩ፣ እስክሪብቶውን እንደ ልማዴ ጸጉሬ ውስጥ ሰካሁ፣ የወጥ ቤቱን መብራት አጠፋሁ። አምስቱ ደቂቃ አርባ አንድ ቀን ሆነ።

መኪናው ከቦሌ ወጥቶ ወደ ምሥራቅ አቀና፤ ኮንዶሚኒየሞቹን ሳይ ወደ የካ አባዶ አካባቢ መድረሳችንን አወቅሁ። ያስገቡኝ ለሱቅ ተሠርቶ ሱቅ ሳይሆን የቀረ ክፍል ውስጥ ነው። የብረት በር፣ ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት፣ መሬቱ ላይ ጎን ለጎን የተነጠፉ ስፖንጆች፣ የቀለምና የእርጥብ ልብስ ሽታ። አሥር ሴቶች ቀና ብለው አዩኝ። ኪሴን ፈትሸው ስልኬን ወስደዋል፤ ጸጉሬን ግን ማንም አልነካውም፣ ስለዚህ ቀዩ እስክሪብቶ አብሮኝ ገባ።

ከአሥሩ መካከል አንዲት ትልቅ ሴት ስፖንጃቸው ላይ ትንሽ ፈቀቅ አሉና ባዶውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ነይ ጓለይ፣ እዚህ ጋ ደረቅ ነው» አሉኝ። ጓለይ ልጄ ማለት ነው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ማንም በዚያ ቃል ጠርቶኝ አያውቅም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላለቀስኩም ነበር።

ሁላችንም አደይ እንላቸው ነበር፣ በትግርኛ እናቴ እንደማለት። ቦሌ ውስጥ መጋረጃ ይሸጡ ነበር። በዓይናቸው ብቻ አንድን መስኮት ይለኩታል፤ የእስር ቤታችንን መስኮት ገና የገቡ ዕለት አይተው «ለዚህስ መሐረብ ይበቃዋል» ብለዋል አሉ። ቁጥብ ናቸው፣ ተረበኛ ናቸው፣ ደረጃ ከወጡ ደግሞ ትንፋሻቸው ይቆረጣል። ልባቸው ትንሽ ደከም እንደሚል እንደ ቀልድ ነግረውናል። ሳሊተ ምሕረት የምትኖረው ልጃቸው በየቀኑ ምግብ ስታመጣ በትንሽ ወረቀት የተጠቀለለ ኪኒን አብራ ትልክላቸዋለች። ጠባቂዋ ወረቀቱን ፈትታ፣ ኪኒኖቹን አይታ፣ መልሳ ጠቅልላ ትሰጣቸዋለች።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ከሁለቱ በቀር ሁላችንም እንጾማለን፤ እኔ ውጭ ሳለሁ እምብዛም አልጾምም ነበር፣ እዚያ ግን ሰው ሁሉ ሲጾም ብቻዬን መብላቱ አስጠላኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል። ቤተሰቦቻችን በምሳ ዕቃ የሚያመጡት ምግብ የሚገባው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ያለው ጊዜ ግን አይገፋም። ስለዚህ አንዲት የአየር መንገድ ሆስተስ ብልሃት አመጣች። በየተራ እያንዳንዳችን የሥራችንን ነገር እናስተምር አለች፣ የመጀመሪያውንም ተራ ራሷ ወሰደች። ስፖንጆቹ መሃል ቆማ ሁለት እጆቿን ዘርግታ የአደጋ ጊዜ መውጫዎቹን አሳየችን። ከፊት ሁለት፣ ከመሃል ሁለት፣ ከኋላ ሁለት። አንድ በር ብቻ ያለው ክፍል ውስጥ፣ ያውም የተቆለፈ። ጠባቂዋ ምን ሆናችሁ ብላ በሩን እስክትከፍት ድረስ ሳቅን።

አደይ ደግሞ ጨርቅ ሲቆረጥ ስንት ሴንቲ ለእጥፋት እንደሚተው አስተማሩን። ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። እኔ የተማርኩት የልብ ጡንቻ ምን እንደሚበላ ነው፤ ዶክትሬቴን የሠራሁትም በእሱ ላይ ነው። ሐኪም አይደለሁም። በዕድሜዬ ያየኋቸው ልቦች ከአይጥ ወጥተው በቀጭን ቱቦ እየተመገቡ የሚመቱ፣ ከጣቴ ጫፍ የማይበልጡ ልቦች ናቸው። ሴቶቹ ግን ዶክተር ይሉኝ ነበር፤ አንድ ሁለቴ አረምኳቸው፣ ከዚያ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር።

«ልባችሁ አሁን ምን እየበላ ይመስላችኋል?» ብዬ ጀመርኩ።

«እኛ ያልበላነውን» አለች ሆስተሷ።

ስኳር ጭድ ነው አልኳቸው፤ ቦግ ይልና ይጠፋል። ስብ ጉቶ ነው፤ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ብዙ ሙቀት ይሰጣል፣ አየር ግን በብዛት ይፈልጋል። ልብ ቀንም ሌሊትም የማያርፍ ጡንቻ ስለሆነ አብዛኛውን ኃይሉን የሚያገኘው ስብ አንድዶ ነው። ጡንቻው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ምድጃዎች ተደርድረዋል። ስቡ ግን ምድጃው ውስጥ ዘው ብሎ አይገባም፤ በሩ ላይ ተቀብሎ የሚያሳልፈው አለ።

«ልክ እንደ ምሳ ዕቃችን» አለች አንዷ።

«ልክ እንደሱ» አልኩ። በጣም ደስ አለኝ፤ በተማሪዎቼ መካከል እንኳ እንደዚያ ያለኝ ሰው የለም። ቀጠልኩ። ስንጾም ሰውነታችን ጎናችንና ሆዳችን ላይ ያስቀመጠውን ስብ እየፈታ በደም ይልካል፤ ልብም እየተቀበለ ያነዳል። እንዲያውም ጾም ላይ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ስብ ያበዛል አልኳቸው።

አደይ እጃቸውን አነሱ፤ እንደ ተማሪ እጅ የሚያነሱት እሳቸው ብቻ ነበሩ። «ቆይ እስቲ። እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳንቀምስ ስንውል፣ እሱ ውስጥ ለውስጥ ጮማ ይበላል ማለት ነው?»

«አዎ አደይ። ልብ አይጾምም።»

«ታዲያ ጾሜ ፈርሷላ።»

ሁሉም ሳቀ። እሳቸው ግን ከልባቸው ነበር፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። «የራስዎ ስብ እኮ ነው አደይ፣ ከከብት የመጣ አይደለም» አልኳቸው።

«ከራሴ ከሆነስ ይብላ» አሉና ዳሌያቸውን መታ አደረጉ። «እዚህ ለዓመት የሚሆን አስቀምጬለታለሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የእኔ ሐኪም ግን ስብ ጠላትሽ ነው ነበር ያለኝ። ቅቤ አፌ ከገባ አራት ዓመቱ» አሉ።

«ጠላት? ስብ የልብ ዋና ምግቡ ነው!» አልኩ። ሐኪም የተሳሳተ መስሎት ሰው ፊት የሚያርም መምህር ድምፁ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ፤ የእኔም እንደዚያ ነበር።

መጨመር ነበረብኝ። ልብ የሚያነደው ስብና ወጡ ላይ የሚንሳፈፈው ቅቤ አንድ ነገር እንዳልሆነ፣ የደከመ ልብ ጉቶውን እንደ ድሮው ማንደድ እንደሚያቅተው፣ እንጨት ስለተከመረበት ብቻ እሳቱ እንደማይበረታ ልነግራቸው ነበር። ግን ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ የብረት በሩ ጮኸ፣ ምሳ ዕቃዎቹ ገቡ። የቀረውን ነገ አልኩ። ነገ የሌላ ሰው ተራ ሆነ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ፍልሰታ ተፈታ።

የፍስኩ ዕለት ዶሮ ያልመጣለት አልነበረም። እንደዚያ ያለ ምግብ በዚያ ክፍል ውስጥ ገብቶ አያውቅም። የአሥራ አንዱንም ምሳ ዕቃ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ትሪ ላይ ገለበጥነውና ዙሪያውን ተቀመጥን። በጾሙ ጊዜ አደይ ጥጋቸውን ይዘው ጸሎታቸውን ሲጨርሱ፣ ከእኛ በኋላ ነበር ከራሳቸው ምሳ ዕቃ የሚበሉት። ያን ቀን ግን ማን ይለቃቸዋል? ጎትተን መሃል አስገባናቸው።

የመጀመሪያውን ጉርሻ ሆስተሷ ጠቀለለች። ቅቤው በጣቶቿ መካከል ይወርድ ነበር። «ይጉረሱ አደይ። ዶክተር እኮ ነግራናለች፣ ልብዎ የናፈቀው ይኼን ነው።» አደይ ወደ እኔ አዩ። እኔ ፈገግ አልኩ። ጎረሱ። ሁለተኛዋ ጠቀለለች፣ ሦስተኛዋም። ጉርሻ በያዘ እጅ ላይ ፊት ማዞር በእኛ ዘንድ ሰውየውን መናቅ ነው፤ አደይ ደግሞ ማንንም ንቀው አያውቁም። የእኔን ጉርሻ ሲቀበሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው አኘኩት። «አራት ዓመት» አሉ ሲጨርሱ። ደስታቸውን ሳይ እኔም ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስነቃ አደይ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። እያንዳንዱ ቃል ላይ ያርፉ ነበር።

«ተኝቼ... መተንፈስ አቃተኝ... ጓለይ።»

ነጠላቸውን ከእግራቸው ላይ ገለጥኩት። የካልሲያቸው ላስቲክ ሥጋቸው ውስጥ ጠልቆ ገብቷል። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ተነፍቷል፣ ቆዳው ይብለጨለጫል። ያኔ ነው ያልጠየቅኋቸው ነገር ትዝ ያለኝ። «አደይ፣ ሐኪሙ ስለ ጨው ምን ብሎዎት ነበር?»

ዓይናቸውን ሰበሩ። «ቅንጣት እንዳትነኪ።»

የልጃቸው ምሳ ዕቃ ጨው ኖሮበት አያውቅም። ማንም እንዳያውቅባቸው በጸሎት አሳበው ለብቻቸው ይበሉ ነበር። «እስረኛ መሆኑ... አይበቃኝም? በሽተኛም ልባል?» አሉኝ። እኔ የማውቀውን አወራሁ፤ የማላውቀውን ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ጨው በሰውነት ውስጥ ውኃ ይይዛል፣ ውኃው ሲበዛ የደከመው ልብ መግፋት ያቅተዋል። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ስለ ስብ ያወራሁት ንግግር ደግሞ ጨዋማውን ወጥ ጉርሻ በጉርሻ አጎረሳቸው።

በሩን መደብደብ ጀመርን። ጠባቂዋ መጣች። የሃያ ሦስት የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፣ ከእኛ ጋር እንዳትሥቅ ሁልጊዜ ግንባሯን የምታኮሳትር።

«ዶክተር የምትሉት ማንን ነው?» አለች።

ሁሉም ወደ እኔ አየ።

«ዶክተር ነሽ?»

አዎ ብላት ታምነኝ ነበር። ያንን ቃል ለሳምንታት ለብሼው ከርሜያለሁ። «አይደለሁም» አልኳት። «አስተማሪ ነኝ። አንድ ሰው አክሜ አላውቅም። ግን እጅሽን ስጪኝ።» ሳታስበው ሰጠችኝ። አውራ ጣቷን የአደይ ቅልጥም ላይ አስቀመጥኩት። «ጫኚው። እስከ አምስት ቁጠሪ። አሁን አንሺ።»

ጣቷ የነበረበት ቦታ ጉድጓድ ሆኖ ቀረ። ሁላችንም አየነው። ይሞላል ብለን ጠበቅን፣ አልሞላም። የልጅቷ ግንባር ተፈታ። የራሷን ጣት እያየች፣ «ማዘር፣ ያምዎታል?» አለች።

«አያመኝም... ልጄ... አየር ብቻ ነው የጠፋኝ።»

በሩን ሳትቆልፈው ነው የሮጠችው። ለዓመታት የማንረሳው ነገር ነው፤ የተከፈተ በር ነበረና ማንም ወደዚያ አላየም። ሁላችንም አደይን ደግፈን ይዘን ነበር። ከሩብ ሰዓት በኋላ መኪና መጣ።

ሲሄዱ እጃቸውን ያዝኩና ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። ሁሉም ይሰማ ነበር። አደይ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «የጎረስኩት... እኔ ነኝ» አሉኝ። «አፍ... አለኝ እኮ።» ከዚያ «አጆኺ» አሉኝ፣ አይዞሽ እንደማለት። እሳቸው ሊሞቱ ይችላሉ፣ የሚያጽናኑት ግን እኔን ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መለሷቸው። መርፌ ተሰጥቷቸው ውኃው ወርዷል፣ ፊታቸው ሌላ ፊት ሆኗል። ጠባቂዋ ከሐኪም የመጣ ወረቀት ይዛ ገባችና ጮክ ብላ አነበበችልን። ጨው ፈጽሞ። እንደገና ካበጡ ልናጣቸው እንደምንችል ሐኪሙ በቃሉ ነግሯታል፤ ያንን የነገረችኝ በሩ ጋ ለብቻዬ ነው።

ያን ቀን ምሳ ዕቃ ሲገባ አደይ የራሳቸውን ከፍተው አዩትና መልሰው ከደኑት።

«ይብሉ እንጂ አደይ።»

«ሁላችሁ እዚያ፣ እኔ እዚህ?» አሉ። «በጾሙ ጊዜ ይሁን፣ ሰበብ ነበረኝ። አሁን ምን ብዬ ነው ጀርባዬን ሰጥቻችሁ የምበላው? ሱቄን አሸጉት፣ ስልኬን ወሰዱት፣ ልጄን በበር ቀዳዳ ነው የማየው። የቀረኝ ከሰው ጋር መብላት ነው። እሱንም ከምተው ባልበላ ይሻለኛል።»

ለምነናቸዋል። ሆስተሷ ተቆጣቻቸው፣ እንዲያውም ተንበርክካ ለመነቻቸው። አልበሉም። ምሳ ዕቃቸው ሙሉውን ሊመለስ ሆነ። ምሳ ዕቃ ሙሉውን ሲመለስ ውጭ ያለ ሰው ምን እንደሚያስብ ሁላችንም እናውቃለን፤ ልጃቸው ደግሞ ገና ከሆስፒታል መመለሳቸውን የሰማችው ያን ቀን ነው። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አደይ ከስፖንጃቸው ሲነሱ አዞራቸው። ኪኒኑን በባዶ ሆዳቸው ነበር የሚወስዱት።

ያን ጠዋት ሐሳቡን ያመጣው ማን እንደነበር እስከ ዛሬ እንከራከራለን። ሆስተሷ እኔ ነኝ ትላለች፣ እኔ ሁላችንም ነን ባይ ነኝ። ሁሉም ምሳ ዕቃ ክዳኑ ላይ ፕላስተር አለው፣ ፕላስተሩ ላይ የባለቤቱ ስም። ከስም በቀር አንድ ፊደል መጻፍ ክልክል ነው። ቀዩን እስክሪብቶ ከጸጉሬ አወጣሁት። በአሥሩ ክዳን ላይ፣ ከእያንዳንዱ ስም ሥር፣ ሁለት ቃል ጻፍኩ፦ ጨው ይቅር።

ጠባቂዋ ባዶዎቹን ምሳ ዕቃዎች ልትወስድ መጣች። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። እያንዳንዱን እያነሳች አሥሩንም አነበበች።

«መልእክት ክልክል እንደሆነ ታውቃላችሁ» አለች።

«እናውቃለን» አልኩ።

አደይን አየቻቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ምሳ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ዘንቢሉ ውስጥ ከተተቻቸው። «እኔ ያነበብኩት ስም ብቻ ነው» አለችና ወጣች።

ውጭ የሆነውን ከተፈታን በኋላ ነው የሰማነው። ቤተሰብ ሁሉ በር ላይ ግራ ገብቶት ነበር። የሆስተሷ እናት ቅጣት መስሏት ለማልቀስ ደርሳለች፣ ወንድሜ ደግሞ እህቴን የደም ግፊት ያዛት ብሎ ደምድሟል። የአደይ ልጅ ግን አንዱን ክዳን አይታ ገባት። ዝናብ ላይ ቆማ ለእያንዳንዱ ሰው የእናቷን በሽታ አስረዳች፤ ጨው የሌለበት ወጥ እንዴት እንደሚጣፍጥም አስተማረች፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ቃሪያ እያለች።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሥራ አንዱ ምሳ ዕቃ ገባ። ትሪው ላይ ገለበጥነው። ሆስተሷ አደይ ዘንድ ሄዳ፣ «አደይ፣ ይምጡ። ዛሬ ሁላችንም የእርስዎን ነው የምንበላው» አለቻቸው።

አላመኑም። መጥተው በጣታቸው ከአንዱ ወጥ ቀመሱ። ከሁለተኛው ቀመሱ። ከሦስተኛው። እያንዳንዳችንን በየተራ አዩን፤ የእኔ ፊት ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ማዕዱን ባረኩት። የመጀመሪያውን ጉርሻ የጠቀለሉት እሳቸው ናቸው፣ ያጎረሱትም እኔን።

መቼም ጨው የሌለው ሽሮ ሽሮ ነው አልልም። ያኘክነውን ለመዋጥ ተጨንቀን ነበር፣ እንዳይታወቅብን ደግሞ እርስ በርስ ላለመተያየት እንጥር ነበር። ሆስተሷ ሁለት ጊዜ ጎርሳ እንባዋ መጣ። ትሪው ላይ አቀርቅራ ነበርና ጠብ ጠብ አለ።

አደይ በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። «አታልቅሺበት ጓለይ» አሉ። «ጨው ይገባበታል።»

እንደዚያ የሳቅንበትን ቀን አላስታውስም። ጠባቂዋ በሩን ከፈተች፣ አየችን፣ ግንባሯን ማኮሳተር ረስታ ዘጋችው። ያን ቀን የአደይ ምሳ ዕቃ ባዶውን ወጣ። ልጃቸው ሳሊተ ምሕረት እስክትደርስ ድረስ ታክሲ ውስጥ ባዶውን ምሳ ዕቃ እንዳቀፈችው ነግራኛለች።

እስከተፈታንበት ቀን ድረስ በዚያ ክፍል ጨው አልገባም። ለምን እንደታሰርን የነገረን የለም፣ ለምን እንደተፈታንም እንዲሁ። ተመልሼ ያንኑ ትምህርት አስተምራለሁ። ያንኑም ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ ግማሾቹም «ከስኳር» ይላሉ፤ አሁን ግን ዜሮ አልሰጥም። ሁለተኛ ጥያቄም ጨምሬያለሁ፦ ልብ ስቡን የት ነው የሚያከማቸው? መልሱ፣ የረባ ጎተራ የለውም የሚል ነው። እዚያው ያለችው ጥቂት ለብዙ አታደርሰውም፤ ከሌላው አካል በደም እየተላከ፣ በር ላይ እየተቀበሉ ካላሳለፉለት ይቆማል። ይህን ስናገር ድምፄ ትንሽ ይለወጣል፣ ተማሪዎቹ ደግሞ የደከመኝ ይመስላቸዋል።

በየዓመቱ ፍልሰታ ሲፈታ አደይ ቤት እንሰበሰብ ነበር። እንደ ድሮው ሁላችንም ያለ ጨው እንበላለን። ዘንድሮም ሄድን፣ ግን አደይ የሉም። ከጥቂት ወራት በፊት፣ ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዛቸው አርፈዋል።

ልጃቸው ትሪውን አቀረበችና መሃሉ ላይ ትንሽ የጨው ዕቃ አስቀመጠች። «ወጡን እንደ ልማዱ ነው የሠራሁት» አለች። «ግን ከእንግዲህ እናንተ ለምን ትቸገራላችሁ? ጨምሩበት።» እዚያ ላይ እንባዋ መጣ። ትሪው ላይ አቀርቅራ ነበር።

«አታልቅሺበት» አልኳት፤ ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። «ጨው ይገባበታል።»

ቀና ብላ አየችኝ። ያኔ እሷ በር ላይ፣ ዝናብ ውስጥ ነበረች፤ የእናቷን ቃል ሰምታው አታውቅም። ሆስተሷ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነገረቻት። ከዚያ እጃችንን ታጥበን በላን። የጨው ዕቃው እስከ መጨረሻው እንደተከደነ ነበር።